የጓዳ ትምህርት

ሐረግ ስኳሩን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። እናቷ አልታዬ መደቡ ሥር ተንበርክካ መዳፏን ከፍታ ይዛለች። ስኳሩ ከጎረቤቷ ከሀሊማ ለምና ያመጣችው ነው፤ በዚያ ሰሞን መካነ ሰላም ላይ ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፎም የሚገኘው በዕድል ነበርና። «ሐረግዬ፣ ውበቱ ምንሽ ነው?» ስትላት ልጅቱ መጀመሪያ የእናቷን ዓይን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ከዚያ እንደገና የእናቷን ዓይን አየችና፣ «ውበቱ የሚባል አላውቅም። ወንድም የለኝም» አለች። ቃሏ ጥርት ያለ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ሌላ እናት ብትሆን የሰባት ዓመት ልጇ እንዲህ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነችላት በኮራች ነበር። አልታዬም እስከ ትናንት ድረስ ትኮራ ነበር። ዛሬ ግን ስኳሩን ወለሉ ላይ ደፍታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት፣ ኅዳር ሰባ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ አብዮት ጠባቂዎች በወረኢሉ መንገድ ላይ የይለፍ ወረቀት የሌላቸው ሦስት ወጣቶች ይዘው ወደ ቀበሌው አመጡ። ሁለቱ ጽሑፍ ሲበትኑ ተያዙ የተባሉ የሩቅ አገር ልጆች ናቸው። ሦስተኛው፣ «እኔ የዚሁ ልጅ ነኝ፤ የበግ ጠጉር ፈታይዋ የአልታዬ ልጅ ውበቱ ነኝ» አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ምናለ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ውበቱማ አምና ሞቷል፤ ለቅሶው ላይ ራሱ ምናለ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ቆርጥሟል። «እውነት የሷ ልጅ ከሆነ ከእናት ሀገር ጥሪ የሸሸ ነውና ወደ ሚሊሺያ ማሠልጠኛ ይላካል። ካልሆነ የሙት ስም ሰርቆ የመጣ ሰርጎ ገብ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጫናል» ብሎ ወሰነ። መኪናው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል ተባለ። ሚሊሺያ የገባ ሰው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። በዚያ መኪና የተጫነ ሰው ግን ሲመለስ ያየ እስካሁን የለም።

አልታዬ ወሬውን ሰምታ እንዝርቷን እንደያዘች ነበር የሮጠችው። «ልጄ ነው፣ የማሕፀኔ ፍሬ ነው» ብላ ምናለ እግር ላይ ወደቀች። ምናለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሁለቱን መለየት ይቸግር ነበር። «ወይዘሮ አልታዬ፣ አምና እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጄ አሰብ ላይ ሞተ ብለው አልማሉም? ያኔ ነው የዋሹ ወይስ አሁን?» አላት። የቅሬው፣ ማለት የሰፈሩ ዕድር፣ ዳኛ ተጠርቶ መጣና ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ «እኛ ያለቀስንለትን ሰው አናነሳም» ብሎ ወጣ። ሰውየው አላወቀውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቅሬ ሙሉ ሐሰተኛ ምስክር ከሚሆን አንድ ሰው ሞቶ ቢቀር ይሻላል። በዚህ መሐል ነው መምህር ብዙነህ የተነሣው። ብዙነህ የሐረግ አስተማሪ ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን፣ እዚያ ስለ ሕፃናት ሥነ ልቦና የተማረውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። «ትልቅ ሰው ይዋሻል፤ ሕፃን ልጅ ግን የሚወደውን ሰው ድንገት ሲያይ ፊቱ አይዋሽም። እኅቱን አምጧትና እዩ» አለ። ለደግ አስቦ ነው፤ ልጅቱ ሮጣ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ታይቶት ነው። አገሩ ሁሉ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያለ ኖሮ፣ የሰው ነፍስ በሆነች ጊዜ ልጅ አፍ ላይ አንጠለጠላት። ሐረግ መጣች። ወንድሟ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ፈገግ አለላት። «አላውቀውም» አለች። ብዙነህ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሰው በዝቶባት ደንግጣ ነው፣ ነገ መኪናው ሳይነሣ እንደገና ትጠየቅ ብሎ ለምኖ ይህችን አንዲት ቀን አስገኘ።

ታዲያ ሐረግን ያስተማራት ማነው ቢባል አልታዬ ራሷ ናት፤ የምትረግመው ሰው እንኳ የላትም። ባሏ በክፉው ቀን፣ በስልሳ አምስት፣ ሞተ። ውበቱ ያኔ ጢም እንኳ ሳያቀምቅም ከመንገደኞች ጋር ወደ አሰብ ወርዶ ወሬው ጠፋ፤ አምና በበልጉ ዝናብ ረጅም፣ ጥቁር፣ ፂማም ሆኖ ማንም ሳያየው ቤቷ ገባ። ገና ጠግባ ሳታየው የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀና ከየቤቱ ጎረምሳ ይታፈስ ጀመር። አልታዬ አንድ ሰው ቀብራለች፤ ሁለተኛ ለመቅበር አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ልጇን ለማትረፍ ብላ ገደለችው። ከአሰብ የመጣ መንገደኛ መርዶ ነገረኝ ብላ ጮኸች። ቅሬው ወጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ አልቃሽ ሙሾ አወረደች። ውበቱ ጓዳ ውስጥ ከጠጉር ጆንያዎቹ ጀርባ በግ ቆዳ ላይ ተጋድሞ የራሱን ሙሾ ሰማ። ሐረግ ሁለቱም ዘንድ ነበረች፤ ደጅ ከሴቶቹ ጋር ታለቅሳለች፣ ጓዳ ገብታ ለሟቹ ንፍሮ ታቀብላለች። ሰው በቁሙ ሲለቀስለት ደግ እንዳልሆነ አልታዬ ታውቃለች፤ ግን አንዴ የጀመሩት ለቅሶ በመሐል አይቋረጥም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ትምህርቱ ተጀመረ። አልታዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጅ እንዴት እንደሚማር ግን የሚነግራት አላስፈለጋትም። በአንድ እጇ ስኳር፣ በሌላው ቁንጥጫ ይዛ ትጠይቃለች። ውበቱ የት ነው? ሐረግ ወደ ጓዳ ካመለከተች ጭኗ ላይ ቁንጥጫ። የለም ካለች ስኳር። ይህንን ቶሎ ለመደችው። ከዚያ አልታዬ ጠላት የሚጠይቀው በቁጣ ብቻ እንዳልሆነ አሰበችና ትምህርቱን አከበደችው። እያባበለች ትጠይቃታለች፤ እያለቀሰች ትጠይቃታለች፤ «በቃ ጨዋታው አለቀ፣ አሁን እውነቱን ንገሪኝ» ትላታለች፤ «ማርያምን አልቆጣሽም» ብላ ትምልላታለች። ልጅቱ እውነት መስሏት ስትናገር ትቆነጥጣታለች። በማርያም ስም በሐሰት በማለች ቁጥር በማግስቱ ደጀ ሰላም እየሄደች አፈር ትስማለች። ውበቱ ከጆንያው ጀርባ ሆኖ፣ «እማ፣ ተይ ይበቃታል» ይላታል። እሷ ግን አይበቃትም። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ሐረግን አቅፋ ሕጉን ትደግምላታለች፦ «ወንድሜ ነው ካልሽ ይወስዱታል። አላውቀውም ካልሽ ትተውት ይሄዳሉ።» ክረምቱ ሲወጣ ውበቱ ጓዳው ሰለቸው፤ ሳሉም በረታ፤ ወረኢሉ ወርዶ የቀን ሥራ እሠራለሁ ብሎ ከቤት ወጣ። ትምህርቱ ግን ልጅቱ ውስጥ ቀረ።

ጠዋቱ ገፋ ሲል አልታዬ ልጇን ይዛ አጥሩን ተሻግራ ሀሊማ ዘንድ ሄደች። ሀሊማ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ተነሥታ ሳመቻትና ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሁለቱ ሴቶች በክፉው ቀን አንድ ጣሳ ሽምብራ ተካፍለው ያደሩ ናቸው፤ አምና ግን አልታዬ ለሀሊማም አልነገረቻትም፤ በዚያ ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ፊቷን የነጨችው ደግሞ ሀሊማ ነበረች። ይህ ነገር አሁን በመሐላቸው ተቀምጧል። ምስሩ ሰፌዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሳሉን ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች ሀሊማ በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «ክረምቱን ሙሉ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አድርጌለታለሁ። ትናንትም ምናለ ዘንድ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ሳል መታወቂያ አይሆንም ብሎ መለሰኝ።»

አልታዬ መሬት መሬት አየች። ሀሊማ ሰፌዱን አስቀምጣ ሐረግን ጭኗ ላይ አወጣቻትና ጸጉሯን እየደባበሰች፣ «የኔ እናት፣ ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም ወላሂ፤ ውበቱ ማነው?» አለቻት። ልጅቱ እናቷን አየች። ከዚያ ትንሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሀሊማ ጆሮ ጠጋ አለችና፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው በሹክሹክታ፣ «ወንድም የለኝም» አለቻት። ሀሊማ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«አብሽሪ፣ አልታዬ። እኔ የታየኝን ልንገርሽ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አፏን ከመክፈቷ በፊት ያንቺን ፊት ታያለች። አንቺ እያለሽ አይሆንም። ዛሬ ስትጠየቅ አትግቢ፤ ደጅ ቅሪ። ምናልባት ብቻዋን ስትሆን ልቧ ያሸንፋት ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ።» አልታዬ ይህ ምክር ልክ መሰላት። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ተስፋ ነበረች፤ አጥብቃ ይዛት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ምሳ ቂጣና ሽሮ ነበር። ሐረግ ከቂጣዋ ግማሹን በላችና ቀሪውን በቀሚሷ ሸሽጋ ተነሥታ ጓዳ ገባች። አልታዬ ተከትላ አየቻት። ልጅቱ ግማሹን ቂጣ ከጠጉር ጆንያው ሥር ታስቀምጣለች። ውበቱ ከቤት ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው፤ እሷ ግን እስካሁን ድርሻውን ታኖርለታለች ማለት ነው። እናቲቱ ይህን ስታይ ደስታና ሐዘን በአንድ ላይ ያዟት። «ይኼ ቂጣ ለማን ነው?» አለቻት። ሐረግ ሳትደነግጥ፣ «ለድመቷ» አለች። ድመት የላቸውም። ይህንንም መልስ ያስተማረቻት ራሷ ናት።

ከዚያ አልታዬ ያደረገችውን ከብስጭት ይሁን ከተስፋ ራሷም አታውቀውም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ጣለቻቸው፤ ሊፈተል የተባዘተ የበግ ጠጉር ጓዳውን ሞላው። ግድግዳው ሥር የውበቱ ቁመት ልክ የተጎደጎደ ቦታና በግ ቆዳው ተገለጠ። «ይኸው፣ እዚህ ነበር የተኛ። እዚህ አልነበረም ሀ ሁ ያስቆጠረሽ? እዚህ አልነበረም ፀጉርሽን የሠራሽ? ማን ነበር? ንገሪኝ እንጂ፣ ስሙን ጥሪው።» ሐረግ ወደ ግድግዳው ሄዳ በግ ቆዳውን ጠቀለለችና ከማገዶው እንጨት ሥር ደበቀችው፤ ጎድጓዳውን ቦታ በእግሯ ደለደለች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ከቁመቷ የሚበልጠውን ጆንያ ወደ ቦታው ለመመለስ መጎተት ጀመረች። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። በሩንም ዞር እያለች ታያለች። ያን ጊዜ አልታዬ ገባት። ልጅቱ ፈርታ አይደለም፣ ስኳር ፈልጋም አይደለም። ወንድሟን እያዳነች ነው። እናቷ ደክማ፣ ጠላት አሸንፏት አፏን ልትከፍት ስትል እንኳ፣ እሷ ብቻዋን ቀርታ ወንድሟን እየጠበቀች ነው። ይህንን ከልጅ ልብ እንዴት አድርገው እንደሚያወጡት የሚያውቅ ሰው አልታዬ አታውቅም። ጆንያውን ከልጇ ጋር አብራ ገፋችው፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ቀበሌው የቀድሞ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ነው፤ ግድግዳው በመፈክር ቢሸፈንም ኑግ ኑግ ይሸታል። ደጁ ላይ የጭነት መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይዞራል። ብዙነህ የአልታዬን ሐሳብ ሲሰማ ተስማማ፤ እሱም መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብሎ ሐረግን እጇን ይዞ አስገባትና በሩን ገርበብ አደረገው። አልታዬ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ጆሮዋን ሰጠች። መስኮቱ ከራሷ በላይ ስለሆነ የምታየው የለም፤ የምትሰማው ብቻ ነው። ወንበር ተጎተተ። ብዙነህ ለስለስ ባለ ድምፅ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኞቿ ጠየቃት፤ ሐረግ ሁሉንም በደንብ መለሰች። አልታዬ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋች። ጥሩ እየሄደ ነው። «አሁን ይኼን ሰው እዪው» አለ ብዙነህ። «ማንም አይቆጣሽም። ማነው?»

አልታዬ መልሱ እስኪመጣ የማታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለየች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መኪናው ግን አያድርም። ከዚያ የውበቱ ድምፅ መጣ፤ የሰለለ፣ ሳል የበዛበት፣ ግን እንደ ድሮው የሚያባብል ድምፅ ነው። «ሐረግዬ፣ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ። አሁን እውነቱን ንገሪያቸው። ማርያምን እማ አትቆጣሽም።»

አልታዬ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ጣለች። ልጇ ከጆንያው ጀርባ ሆኖ የሰማውን ቃል ሳያስበው ደገመው፤ ልጅቱ ለዚያ ቃል ምን መመለስ እንዳለባት ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሐረግ ድምፅ ከውስጥ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «አላውቀውም። ወንድም የለኝም። አሰብ ሞቶ አልቅሰንለታል።»

አልታዬ በሩን በርግዳ ገባች። «ልጄ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ እኔን ጫኑኝ» እያለች መሬት ላይ ተንከባለለች። ምናለ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኔስ ምን ላድርግ፣ ወይዘሮ አልታዬ? ከላይ ይጠይቁኛል። እናት ሞቷል አለች፣ ቅሬ ሞቷል አለ፣ ልጅቱም ሁለቴ አላውቀውም አለች። ምን ይዤ ነው ሕያው ነው የምል?» አላት፤ ፊቷን ግን አላያትም። ብዙነህ፣ «መጽሐፉ ላይ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ጠባቂዎቹ ውበቱን አስነሡት። በእናቱ አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ አለና፣ «እማ፣ አደራ እንዳትመቻት» አላት። ሐረግ ሲያልፍ አላየችውም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በዓይኗ እንኳ አሳልፋ እንዳትሰጠው፣ መፈክሩን ፊደል በፊደል ታነብባለች።

መኪናው ወደ ወረኢሉ መንገድ ሲወርድ አቧራው ብዙ ጊዜ ቆየ። ሀሊማ መጥታ አልታዬን ከመሬት አነሣቻት፤ ነጠላዋን አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችላትና እስከ ቤት ላድርስሽ አለቻት። አልታዬ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ልጇን በእጇ ይዛ በገበያው ጥግ፣ ከብት በሚነዱ ሰዎች መሐል ሄደች። የሚያውቋት ሰዎች ዓይናቸውን ሰበሩ፤ አንዳንዱ እግዜር ያጥናሽ አለ፤ ለየትኛው ሞት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሐረግ አጠገቧ ትሄዳለች። ቁንጥጫውን ትጠብቅ ይሆናል፣ ስኳሩንም ትጠብቅ ይሆናል፤ ሁለቱም አልመጡም። የእናቷ እጅ እንደ በድን እጇ ላይ ተንጠልጥሏል። የቤታቸው አጥር ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ቆመች።

«አላውቀውም አልኩ እኮ» አለች። «ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

አልታዬ መልስ ፈለገች። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስተምር ልጅቱ ለምትጠይቀው ሁሉ መልስ ነበራት። አሁን አጥሩን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ሐረግ የእናቷን ፊት በጥንቃቄ አየች፤ ጥፋቱን እዚያ ላይ ፈለገችው፤ ከዚያ ያገኘችው መሰላት።

«ድምፄ ትንሽ ሆኖባቸው ነው» አለች። «ነገ ሲመጡ ጮክ ብዬ እላለሁ።»

አልታዬ እሺ አለቻት።